የታጠነ ጋን ይሸታል

በአማርኛ «ሰውዬው ቀምሷል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሽሮ አይደለም የቀመሰው። «ትንሽ ቀማምሷል» ከተባለማ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበሉትና ታክሲ ጥሩለት ማለት ነው። መቅመስን የመሰለ ጨዋ ግስ ወስደን የስካር መሸፈኛ አድርገነዋል። ስለዚህ ጓደኛዬ ደውላ «አርብ ማታ የወይን ቅምሻ አለ፣ እንሂድ» ስትለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ «ማታ ማን ያደርሰናል?» የሚል ነበር።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ላልሄዳችሁ ላስረዳ። ብርጭቆዎች በመስመር ይደረደራሉ፤ በእያንዳንዳቸው ሁለት ጉንጭ የማትሞላ ወይን ጠብ ትላለች። መጀመሪያ ቀለሙን በብርሃን ታያላችሁ። ቀጥሎ ብርጭቆውን አሽከርክራችሁ ታሸታላችሁ። ከዚያ ትጎነጩና አፋችሁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ታደርጉታላችሁ። በመጨረሻም (እዚህ ላይ ነው ያገሬ ሰው የሚደነግጠው) ትተፉታላችሁ። መትፊያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦላችኋል። ገንዘብ ከፍሎ የገዙትን መጠጥ መትፋት! እኛ ዘንድ ሰው ቤት የቀረበላችሁን ጠጅ እንዲህ ብታደርጉት ለዕርቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል።

ይህን የምጽፈው የወይን ቅምሻን «የፈረንጅ አምልኮ» ብዬ ለመሳደብ አይደለም። እሱን የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ ወድጄዋለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሠላሳ የሚሆን ሰው ስልኩን አስቀምጦ «ምን ይሸታችኋል? ምን ምን ይላል?» ለሚል ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ማየት ደስ ይላል። የማይገባኝ ግን ይህ ትኩረት ለወይን ብቻ የተሰጠው ለምን እንደሆነ ነው። እናቶቻችን የሚጠምቁትን ጠላ፣ የሚጥሉትን ጠጅ፣ የሚያወጡትን አረቄ በዚህ ዓይን አይተነው አናውቅም። ባለማየታችን ደግሞ የሚከስር ሰው አለ። ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

አራተኛው ብርጭቆ

ጓደኛዬ የጫጫ ልጅ ናት። ጫጫን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄዱ ሸኖን አልፋችሁ፣ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና ውርጭ። (በስሟ ተነስታችሁ ስለ ጫጫታ ልትቀልዱ ካሰባችሁ፣ «ከእናንተ በፊት ሺህ ሰው ቀልዶታል» ትላለች ጓደኛዬ።)

ቅምሻው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ነበር። አምስት ብርጭቆ፤ ሁለቱ ከዝዋይ፣ አንዱ የአዋሽ፣ ሁለቱ ከደቡብ አፍሪካ። አስቀማሹ አንደበቱ የተፈታ፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው። የዝዋዩ ወይን ተክል ከፈረንሳይ፣ ከቦርዶ መጥቶ በእኛ ሚሌኒየም አካባቢ እንደተተከለ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ እንደወጡ፣ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ እርሻው ዙሪያ ቦይ እንደተቆፈረ ነገረን። አዋሽ ደግሞ የሰባት አሥርት ዓመታት ታሪክ ያለው፣ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል የዞረ መሆኑን። ከገዢዎቹ አንዱ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ በሊቀመንበርነት የሚመራው የኢንቨስትመንት ኩባንያ እንደነበር ሲነግረን ክፍሉ በሳቅ ሞላ። በ77ቱ ድርቅ የዘፈነልን ሰውዬ ወይን ሊሸጥልን መጣ ማለት ነው።

ከዚያ ወረቀት ታደለን። ወረቀቱ ላይ የጣዕምና የሽታ ስሞች ተደርድረዋል፦ ብላክከረንት፣ ቼሪ፣ ፕለም፣ ቫኒላ፣ ትምባሆ፣ ቆዳ። ክፍሉ ውስጥ ብላክከረንት ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ሁሉም ግን ሸተተው። «ብላክከረንት!» «አዎ፣ በጣም ብላክከረንት!»

አራተኛው ብርጭቆ ላይ ጓደኛዬ አፍንጫዋን ከታ ብዙ ቆየች። «አንቺስ?» አላት አስቀማሹ።

«የታጠነ ጋን ይሸታል» አለች።

ሳቁን መገመት አያዳግታችሁም። አስቀማሹ ግን አልሳቀም። ጋን እንዴት እንደሚታጠን ጠየቃት። የወይራ እንጨት እንደሚጨስ፣ ጋኑ በጭሱ ላይ እንደሚደፋ ባጭሩ ነገረችው። «ይሄ ወይን የተኛው በኦክ በርሜል ነው» አለ ወደኛ ዞሮ። «በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይለበለባል። የጭስ ጠረኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ማታ ከወረቀቱ ሳያነብ የመለሰ ሰው እሷ ብቻ ናት።»

አጠገባችን የተቀመጠ ሰውዬ «ጠላ ቤት ነው እንዴ ያደግሽው?» አላት። ለቀልድ ነው፤ ክፋት አልነበረውም። ጓደኛዬ ፈገግ ብላ «አይ፣ ሲወራ ሰምቼ ነው» አለች።

ያደገችው ጠላ ቤት ነው። እናቷ ጠላና አረቄ ሸጠው ነው አራት ልጅ ያሳደጉት። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ዶርም ውስጥ አብረን ስንኖር «እናትሽ ምን ይሠራሉ?» ሲሏት «ነጋዴ ናት» ነበር መልሷ። ያን ዕለት ማታ ታክሲ ውስጥ «አዎ ብለው ምን ይሆን ነበር?» አለችኝ። ለሌላ ሰው የምትናገር ነበር የሚመስለው። ከዚያ አንድ ሰዓት በፊት በዚያ ክፍል ውስጥ ካለነው ሁሉ የተሻለ አፍንጫ እንዳላት በባለሙያ የተመሰከረላት ልጅ ያንን አፍንጫ ያገኘችበትን ቤት ደበቀች። ነገሩ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እዚህ ላይ ነው።

ምላስ የሚያነበው

«ይሄ ሁሉ ብላክከረንት ማስመሰል ነው» የሚሉ አሉ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት የቦርዶ ተመራማሪዎች 54 የወይን ጥናት ተማሪዎችን ሁለት ብርጭቆ አቀረቡላቸው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ ግን ያው ነጩ ወይን ነበር፤ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ እንዲመስል ተደርጎ። ተማሪዎቹ «ቀዩን» የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነው። አፍንጫቸው ያሸተተውን ዓይናቸው ሻረው።

የተገላቢጦሹም አለ። ግንቦት 1976 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰብስቦ የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖችን ስማቸው ሳይታይ አስቀመሳቸው። በቀዩም በነጩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያው ሆነ። ስሙ ቢታይ ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሰው የሚጠጣው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም ይጠጣል። እንግዲህ ጠላ ላይ ምን ተጽፏል? ማንም አልጻፈበትም፤ ግን ሁላችንም እናነበዋለን፦ የድሃ፣ የገጠር፣ የሽማግሌ፣ የለቅሶ ቤት። ጀርመን አገር ባምበርግ የምትባል ከተማ አለች፤ በእንጨት ጭስ በደረቀ ብቅል በሚጠመቅ ቢራዋ የታወቀች ናት። ሰው ከሩቅ አገር በአውሮፕላን ሄዶ «የጭሱ ጣዕም ድንቅ ነው» ብሎ ይጠጣዋል። እኛ ዘንድ ጭስ ጭስ የሚል የገብስ መጠጥ በየሰፈሩ አለ። እሱን ለመጠጣት አውሮፕላን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጎንበስ ብሎ በቆርቆሮ በር መግባት ነው። ለዚያ ግን ፊት የለንም።

ለመርዝ እንጂ ለጣዕም አይደለም

ቅምሻ ለእኛ አዲስ አይደለም። በድሮ ግብር አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይጠጣ ነበር። መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነው። ባህላችን የሚያውቀው ቀማሽ እሱ ነው። የተቀጠረው «ጣፈጠ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ሳይሆን «ይገድላል ወይ?» ለሚለው ነበር።

ከጫጫ ብዙም ሳይርቅ አንጎለላ አለች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ የሚቀመጡባት ከተማ ነበረች። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1841 ከንጉሡ ጋር ውል የተፈራረመው እዚያ ነው፤ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። በዚያ ዘመን የማር ጠጅ እንዳሻው የሚጠጣው ንጉሡና ንጉሡ የፈቀዱለት ነው። ለሌላው ጠላ አለለት። መጠጡ የሚመረጠው በምላስ ሳይሆን በማዕረግ ነበር ማለት ነው። ዙፋኑ ሄደ፤ መሰላሉ ግን ቀረ። ድሮ ጠጅ ከላይ፣ ጠላ ከታች ነበሩ። ዛሬ ወይን ከላይ፣ ቢራ መሃል፣ ጠላ ከታች። ጠላ አሁንም እዚያው ነው!

«ማን ይለይልኛል?»

መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ቅዳሜ ጠብቀን ከላምበረት ተሳፈርን። ሐሳቡ የጓደኛዬ ነው። «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ነይና ጠይቂያት» አለችኝ።

እናቷ ሲያዩን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምነው ከሳችሁ?» የሚል ሆነ (ሁለታችንም አልከሳንም)። ምሳ በልተን ስንጨርስ የመጣንበትን ነገርናቸው። ሳቁ። «ጠላ ምን ይጠየቃል?» አሉ። ከዚያ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚያስይዙን ስድስቱን ጥያቄ ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ሴትዮዋ አንዱንም አላለፉኝም። ገብሱ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣና ለምን ጥቁሩን እንደሚመርጡ። ብቅሉ ስንት ቀን እንደተነከረ፣ ስንት ቀን ተሸፍኖ እንደበቀለ። ጌሾው ቅጠሉ ብቻ ሲሆንና እንጨቱ ሲገባበት መራራነቱ እንዴት እንደሚለያይ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ጥንስሱ ተጥሎ፣ ቂጣው ተቆርሶ ገብቶ፣ ድፍድፉ ስንት ቀን እንዳደረ። «አሻሮው ካረረ ጠላው ይመራል፤ ጥሬ ከሆነ ደግሞ ይገረጣል። ቀለሙን ስታዪው ቆይዎ ምን እያሰበች እንደነበር ታውቂያለሽ» አሉኝ። ወይን ቅምሻው ላይ አስቀማሹ ስለ ወይን ሠሪው የተናገረው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

ከዚያ በሁለት ብርጭቆ ከሁለት ጋን ቀዱልን። ተለያይተዋል። ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ማሰብ ብቻ ነው። አንደኛው ቀላ ያለ፣ ጭሱ ቀድሞ የሚመጣ፣ መጨረሻው ላይ የተቆላ ቡና የሚመስል ነገር የሚተው። ሁለተኛው ነጣ ያለ፣ ጎምዘዝ የሚል፣ ጌሾው ምላስ ጎን ላይ የሚቀር። ጓደኛዬ ዓይኗን ጨፍና «የመጀመሪያው ትልቁ ጋን ነው» አለች። ትክክል ነበረች። እናቷ «ይቺ ልጅ ሕፃን ሳለች ጀምሮ ታውቃለች» አሉ፤ ኩራታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«የትኛው ነው የሚበልጠው?» አልኳቸው።

«የትልቁ ጋን ነዋ! ገብሱም ጥሩ ነበር፣ ጊዜም ሰጥቼዋለሁ።»

«ዋጋውስ?»

«ያው ነው።»

«ጥሩ የወጣውም ያልወጣውም እኩል ነው የሚሸጡት?»

«ታዲያ ማን ይለይልኛል ልጄ?»

ይህን መልስ ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ በብዙ ገጽ የሚያስረዳውን ሴትዮዋ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። የሚለይ ጠጪ በሌለበት ጥሩ ለመሥራት የወጣው ወጪ ከኪስ የወጣ ኪሳራ ነው። የተሻለ ገብስ መግዛት፣ አንድ ሳምንት መታገሥ፣ ወይራ ፈልጎ ማጠን ገንዘብና ጉልበት ይጠይቃል። ገዢው «ያው ጠላ ነው» ካለ፣ የምታሳንሰዋ ሴት ታተርፋለች፤ የምታሳምረዋ ትከስራለች። እንዲህ እያለ ጥሩው ከገበያ ይወጣል። ጥፋቱ የጠማቂዋ አይደለም። የቀማሹ አለመኖር ነው።

ደንበኛውም እየሳሳ ነው። ደብረ ብርሃን ከጫጫ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ሐበሻና ዳሽን ፋብሪካ አላቸው እዚያ። በቢራ አልፈርድም፤ ፋብሪካ ሥራ ነው፣ ገበሬም ገብሱን የሚሸጥለት ይፈልጋል። ግን ቢራ ጠርሙስ፣ ስምና ምልክት ይዞ ነው የመጣው። ጠላ የገጠመው እነዚህን ሁሉ ሳይዝ፣ ባዶ እጁን ነው። ከአራቱ ልጆች ጠመቃውን እወርሳለሁ ያለ አንድም የለም። እናትየውም አይፈልጉም። «እኔ የተማረ ልጅ ነው ያሳደግሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ከሳቸው ጋር ይሄዳል።

ሌላኛው ጫጫ

ጫጫ ላይ ሳለን ስለ አንድ ሌላ ጫጫ ላውራችሁ። በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለችው ጆርጂያ ውስጥ ጫጫ የሚባል መጠጥ አለ። ወይኑ ተጨምቆ ሲያልቅ ከሚቀረው ልጣጭና ፍሬ የሚወጣ አረቄ ነው። አጠራሩ ደግሞ የእኛው «ጫ» ነው፤ የጆርጂያ ቋንቋ እንደ አማርኛ ጠንካራ ድምፆች አሉት፣ ፈረንጆች አፋቸው የማይችለውን «ጨ»ን እነሱ እንደኛ ይሉታል። ሁለቱን ጫጫዎች የሚያገናኝ ሌላ ነገር አላውቅም። ስም መገጣጠሙ ግን እንዳነብ አደረገኝ።

ጆርጂያዎች ወይናቸውን የሚሠሩት እንደ እኛ ጋን በሸክላ ዕቃ ነው። ክቬቭሪ ይሉታል። እንቁላል የመሰለ ትልቅ ማሰሮ ነው፤ ውስጡ ሰም ይቀባል፣ እስከ አንገቱ መሬት ይቀበራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በሸክላ ስብርባሪ ላይ 8,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የወይን ምልክት እዚያ አገር ማግኘቱን አስታወቀ። ግን ይህ ዕድሜ ብቻውን አላበላቸውም። ለብዙ ጊዜ ዋና ገበያቸው ሩሲያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 ሩሲያ ወይናቸውን አልገዛም ብላ በሯን ዘጋች። ሌላ አገር ገዢ ለማግኘት ሲነሱ ጠያቂና ቀማሽ የሆነ ደንበኛ ገጠማቸው። የአያቶች ማሰሮ ያን ጊዜ ከጓሮ ወጥቶ ጠርሙስ ላይ ተጻፈ። በ2013 ዩኔስኮ የክቬቭሪን አሠራር በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ባቱሚ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማቸውማ ለጫጫ ማማ ሠርታለታለች!

«እነሱ ወይን አላቸው፣ እኛ ምን አለን?» አትበሉኝ። በቡና አድርገነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትከራከር፣ ከስታርባክስ ጋር በ2007 እስክትስማማ ድረስ ስንቶቻችን ተከታትለናል። የክርክሩ ፍሬ ነገር ስም ዋጋ ነው የሚል ነበር። በ2020 ደግሞ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ቅምሻ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ተካሄደ። አርሶ አደሩ በስሙ፣ ቡናው በነጥቡ ተጠራ። ቡና ቀማሽ ስላገኘ ስምም ዋጋም አገኘ። ጠላ ምን አጠፋ?

«ግን እኮ...»

ሦስት ተቃውሞ ከወዲሁ ይሰማኛል።

የመጀመሪያው «ወጣቱን ወደ መጠጥ ልትነጂ ነው» የሚል ነው። አረቄ ቤት እንደሚያፈርስ አውቃለሁ፤ የጓደኛዬ እናትም ከኔ በላይ ያውቃሉ። ጠዋት ለመጣ ሰው አረቄ አይቀዱም፤ ይህ ሕጋቸው ነው፤ በዚህም ደንበኛ አጥተዋል። ሕጉም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል፤ ልክ ነው። እኔ የምለው ግን ቅምሻ የስካር ተቃራኒ ነው። የሚሰክር ሰው አይለይም፤ የሚለይ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ማንቆርቆሪያ አያዝም። ወይን ቅምሻው ላይ መትፊያ የነበረው ለዚህ ነው። ለሚያጠጣን ጥንካሬ ብቻ የምንከፍል ከሆነ የምናገኘው ጥንካሬ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ሕዝቡ ገብስ ለእንጀራ አጥቶ አንቺ ስለ ጠላ ጣዕም ታወሪያለሽ» የሚል ነው። በወይን ቅምሻ መግቢያ የተከፈለው ገንዘብ የጓደኛዬ እናት በብዙ ቀን ጠላ የሚያገኙት ነው። ቅንጦቱ የቱ ጋ እንዳለ እናንተ ፍረዱ። ጣዕም ማወቅ ለሀብታም የተተወ ነገር ከሆነ፣ ድሃዋ የምትሠራው ሁሉ ለዘላለም በርካሽ ይሸጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአፍ አይወጣም፤ በዓይን ነው የሚነገረው። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ወይን የያዝን ሁለት ሴቶች «ዘመናዊ» ነበርን። ጫጫ ላይ በገዛ እናቷ ቤት ጠላ የያዝን ያው ሁለት ሴቶች፣ በሩ ላይ ብቅ ያለ ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች የሚያየን ሆንን። አንዱ ሽማግሌማ «የማን ልጆች ናቸው?» ብለው ጠየቁ፤ መልሱን እያወቁ። ገብሱን የለቀመችው፣ ብቅሉን ያበቀለችው፣ ጋኑን ያጠነችው፣ የጠመቀችው፣ የቀዳችው ሴት ናት። ከዚያ ሴት ስትቀምሰው ነውር ይሆናል! የሠራችውን ሥራ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለመናገር የተፈቀደለት ግን ምንም ሳይሠራ የተቀመጠው ወንድ ነው። ጠላ ቀማሽ ያጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በደንብ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው እንዲናገሩ አይጠበቅም። ጓደኛዬም ያን ዕለት «ሲወራ ሰምቼ ነው» ያለችው ይህን በደንብ ስለምታውቅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኮሚቴ ይቋቋም፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይታዘዝ አልልም። (ኮሚቴ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚቀርበው ቢራ ነው።) አንድ ነገር ብቻ። በሚቀጥለው ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ማኅበር ጠላ ሲቀዳላችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱት። «ማነው የጠመቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሟን ያዙ። «ገብሱ ነጭ ነው ጥቁር? ስንት ቀን ሆነው?» በሉ። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው በሉ፤ ለምን ጥሩ እንደሆነም ንገሯት። ካልሆነም በጨዋ ደንብ ንገሯት። የምትሸጥ ከሆነች ለተሻለው የተሻለ ክፈሉ። ብላክከረንት አያስፈልግም። የተቆላ ገብስ፣ ዝናብ የነካው አፈር፣ የወይራ ጭስ፣ የሎሚ ልጣጭ ማለት እንችላለን፤ ቃሉም አፍንጫውም ከኛው ጋር ነው።

ጓደኛዬና እኔ ለፋሲካ ማግስት ጫጫ ላይ ከሦስት ቤት የተጠመቀ ጠላ አሰባስበን፣ የጠማቂዎቹን ስም ሸፍነን፣ ለሰፈሩ ሰው ልናስቀምስ እያሰብን ነው። ዳኞቹ ሴቶች ይሆናሉ። እናቷ ስንነግራቸው መጀመሪያ «ምን ሆናችኋል?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «የዚያችን የማዶዋን ጋን ጨምሩበት፤ በልጣት እንደሆነ ልየው» አሉ።

ሰላም ሁኑ። መትፊያ አታምጡ።